የቦራ ግራ ክንፍ

ቢሾፍቱ፣ የአየር ትርኢቱ በሚካሄድበት እሑድ ረፋድ፣ አንድ አሮጌ ሃንጋር ውስጥ፤ ጡረተኛዋ ነርስ ሲስተር ትርንጎ መጥረቢያ ይዛ ባሏ ባደሳት ቦራ የተባለች ጥንታዊ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆማለች፤ ባሏ ጡረተኛው አብራሪ ሻምበል ንጋቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቶባታል።

ንጋቱ፦ መጥረቢያውን አስቀምጪና እንነጋገር ነው የምልሽ።

ትርንጎ፦ መጥረቢያው አፍህን ያዘው እንዴ? ተናገር። የምሰማው በጆሮዬ ነው፣ በእጄ አይደለም።

ንጋቱ፦ ለመሆኑ ከየት አመጣሽው?

ትርንጎ፦ ከፍልጥ ሻጩ ተዋስኩት። ለምንሽ ነው ሲለኝ፣ አንድ የደረቀ ግንድ ትዳሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ አልኩት።

ንጋቱ፦ አያያዝሽን እንኳ ተመልከቺ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት አሉ። የገዛ እግርሽን ነው የምትቆርጪው።

ትርንጎ፦ ብቆርጠው ራሴ እሰፋዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሥጋ ስሰፋ የኖርኩ ነኝ። ዞር በል ከፊቴ።

ንጋቱ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ቦራን ከመንካትሽ በፊት እኔን ነው የምትመቺው።

ትርንጎ፦ እሱንም አስቤበት ነው የመጣሁት።

ንጋቱ፦ ሲስተር፣ ውጭ እኮ ሰው አለ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ከናይሮቢ ድረስ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላናቸውን እያበረሩ የመጡ እንግዶች አሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ልጃችን ቦራን ይዞ ሲነሳ ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀናል። አሁን በር ቢከፍቱ ባሏን በመጥረቢያ የምታሳድድ አሮጊት ነው የሚያዩት።

ትርንጎ፦ ይዩ። ትርኢት ሊያዩ አይደል የመጡት?

ንጋቱ፦ አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? እስከ ትናንት ደህና አልነበርሽም? ለእንግዶቹ ዳቦ ስትደፊ አልነበር? ዛሬ ማን ምን አለሽ?

ትርንጎ፦ ማንም ምንም አላለኝም። ናሆም ዛሬ ይህችን ነገር አያበርም። አለቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠል አጣሁና ይህን ይዤ መጣሁ።

ንጋቱ፦ ናሆም ሕፃን ነው እንዴ? የመንገደኛ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነው። በየቀኑ ስንት መቶ ነፍስ ይዞ ባሕር ይሻገራል፤ ያኔ መጥረቢያ ይዘሽ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሄጂ አላየሁሽም።

ትርንጎ፦ ያኛውን አውሮፕላን አንተ አልሠራኸውማ።

ንጋቱ፦ ይቺ ስድብ ናት።

ትርንጎ፦ ገባችህ? እንግዲያው ዞር በል።

ንጋቱ፦ ትርንጎ፣ ሳገኛት እኮ ታስታውሻለሽ። ከአሮጌ ብረት ክምር ኋላ፣ ሣር ውጧት፣ አብራሪው ወንበር ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጥላ ታቅፋ ነበር። ሰው ሁሉ ቆርጠህ ድስት አሠራት ሲለኝ እኔ ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ ሰረዝ አየሁና ቦራ አልኳት። የአባቴን ፈረስ ስም ነው የሰጠኋት። ሞተሯን መጀመሪያ ያስነሳሁ ቀን አንቺም ነበርሽ። ጭሱ ፊታችንን አጥቁሮት፣ ድምጿ እዚህ ደረቴ ውስጥ ሲገባ፣ እጄን ይዘሽ አለቀስሽ። አላለቀስሽም?

ትርንጎ፦ ጭሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ንጋቱ፦ ውሸታም።

ትርንጎ፦ እሺ አለቀስኩ። የሶፋዬን ቆዳ ገፈህ መቀመጫዋን ስታለብሳት ዝም አልኩ። ሰው ሊጠይቀን ሲመጣ በባዶ ስፖንጅ ላይ እያስቀመጥኩ ዝም አልኩ። ጎረቤት ሚስቱ ማን ናት ሲል፣ አንዷ እኔ ነኝ አንዷ ሃንጋር ውስጥ ናት እያልኩ አሳቅኩ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ያንተ ነገር ነው። የኔ ነገር ሲሆን ቻልኩት። አሁን ግን የልጄ ነፍስ ነው።

ንጋቱ፦ ናሆም ራሱ ነው ላብራት ያለው። አላስገደድኩትም።

ትርንጎ፦ አባቱ ሲደሰት ለማየት እሳት ውስጥ የሚገባ ልጅ ነው፤ ምን ያስገድዱታል። ትናንት ከልምምድ ሲመለስ እራቱን አልቀመሰም። አላየህም?

ንጋቱ፦ ፈርቶ ነው። የመጀመሪያ ትርኢቱ ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ጫማዬ ላይ አስመልሻለሁ።

ትርንጎ፦ አንተ ክንፉን ነው ያየኸው፤ እኔ ልጁን አየሁት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ንጋቱ፦ እንግዲህ በተረት አታድክሚኝ። የሰማሽው ነገር ካለ ንገሪኝ፤ ከሌለ ውጪልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ትርንጎ፦ ልጄን ከሜዳ ከምለቅም ክንፍህን ብለቅም ይሻለኛል። ለቅሜ አውቃለሁ እኮ። ረሳኸው?

ንጋቱ፦ ታደገን አታንሺ።

ትርንጎ፦ ለምን አላነሳውም? ወንድሜ ነው፤ የእናቴ ልጅ።

ንጋቱ፦ የኔም ጓደኛ ነበር።

ትርንጎ፦ ያን ቀን ትርኢት ሲያበር አንተ ድንኳን ውስጥ ሆነህ አየኸው። እኔ ሜዳው አጠገብ ክሊኒክ ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሰማ ነበር፤ ከዚያ ጭብጨባው መሀል ላይ ቆመ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ክንፉ ከመሀል ተቀንጥሶ፣ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ወርዶ፣ ነዳጁ ተቀጣጥሎ... ግማሹን በአንሶላ ግማሹን በባልዲ ነው ያመጡልኝ። ባልዲውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እጁን ያወቅኩት ልጅ ሳለን ማጭድ በቆረጠው ጣቱ ነው። ሌላው የሰው አይመስልም ነበር። አጥቤ፣ ገጣጥሜ፣ ጠቅልዬ ለእናቴ ደህና አስከሬን አለ ብዬ ዋሸኋት። ክፈቱልኝ ልየው ብላ ሳጥኑን በጥፍሯ ስትቧጥጠው፣ በጉልበቴ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

ንጋቱ፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ልጄን በእንጨትና በጨርቅ አትሰቅለውም።

ንጋቱ፦ በቃ፣ መጥረቢያውን ስጪኝ።

ትርንጎ፦ እጄን ልቀቅ።

ንጋቱ፦ አንቺ ልቀቂ።

ትርንጎ፦ አንጓዬን ትሰብረዋለህ፣ ንጋቱ።

ንጋቱ፦ ልቀቂዋ እንግዲህ... ኧረ... ነከስሽኝ? በዚህ ዕድሜሽ ትነክሻለሽ? ደም እኮ ነው።

ትርንጎ፦ የተረፉኝ ጥርሶች ለዚህ ቀን ነው የተረፉት።

ንጋቱ፦ እብድ። ያበድሽ ነሽ።

ትርንጎ፦ አንተና ታደገ አንድ ናችሁ። ሰማይ እንወዳለን ትላላችሁ፤ የምትወዱት ጭብጨባ ነው። እሱ ለጭብጨባ ብሎ ተበጣጠሰ፤ አንተ ደግሞ አርጅተሃል ብለው መብረር ቢከለክሉህ በልጅህ ሥጋ ልታስጨበጭብ ነው።

ንጋቱ፦ ዝም በይ።

ትርንጎ፦ ከሰው ልጅ ሥጋ የተቀቀለ ጭብጨባ ነው የምት...

ንጋቱ፦ ዝም በይ አልኩሽ።

ትርንጎ፦ ኧረ ፊቴን...

ንጋቱ፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ መታኸኝ።

ንጋቱ፦ ትርንጎ፣ እጄ ነው... እኔ...

ትርንጎ፦ በጥፊ መታኸኝ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ትዳር በኋላ። ጠጥተህ ገብተህ ያልመታኸኝ፣ እናትህ ስታነሳሳህ ያልመታኸኝ ሰው፣ ለእንጨት ብለህ መታኸኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ደህና። አሁን ተካክለናል፤ አንተም ደማህ እኔም ደማሁ።

ንጋቱ፦ እንዳትነኪያት። ትርንጎ፣ ተመለሺ። አትሰንዝሪ...

ትርንጎ፦ እንካ።

ንጋቱ፦ ገደልሻት። ቀደድሻት እኮ። ከላይ እስከ ታች ዘረገፍሻት።

ትርንጎ፦ አንድ ነው ገና። የጀመርኩት ጨርቁን ነው፤ አጥንቷ ይቀራል።

ንጋቱ፦ ድገሚና እይ። በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ጊዜ ድገሚና ታያለሽ።

ትርንጎ፦ ያ ያነሳኸው የብረት መፍቻ የት ሊያርፍ ነው?

ንጋቱ፦ እኔም አላውቅም። ከዚያ ክንፍ ራቂ። እጄ አሁን የኔ አይደለም።

ትርንጎ፦ ምታ እንግዲህ። ግን እወቅበት። መሀል አናቴን ካገኘኸው ቶሎ ያልቃል፤ ጆሮ ግንዴን ከመታኸኝ አልሞትልህም፣ አልጋ ላይ ታጥበኛለህ፣ በማንኪያ ታጎርሰኛለህ። ነርስ ነኝ፤ ምክር ነው የምሰጥህ።

ንጋቱ፦ አታሳቂኝ። ልገድልሽ እያማረኝ አታሳቂኝ።

ትርንጎ፦ እንዳልስቅ ከንፈሬን ሰንጥቀኸዋል። በል ምታ፣ ወይ ተወኝ ልምታ። ሁለተኛው... ቆይ። ቆይ ቆይ። ይኼ ምንድን ነው?

ንጋቱ፦ ምኑ?

ትርንጎ፦ ከክንፉ ውስጥ የሆነ ነገር እያየኝ ነው።

ንጋቱ፦ እንጨት ነው። ክንፉን የሚሸከመው አከርካሪው ነው። ከዚያ ራቂ።

ትርንጎ፦ እንጨት ዓይን የለውም። ይኸው ዓይን። ይኸው ቅንድብ። ከጆሮው ሥር ደግሞ ክንፍ... ኧረ በስመ አብ። ንጋቱ፣ ይህ መልአክ ነው።

ንጋቱ፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ትርንጎ፦ አውቀዋለሁ። ግራ ዓይኑ ከቀኙ ከፍ ያለው ነው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያናችን ሳይፈርስ፣ ከሴቶች መቆሚያ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ተስሎ የነበረው። ናሆምን ክርስትና ያስነሳን ዕለት ቀና ብዬ እሱን እያየሁ ነው የጸለይኩት። ይህን ልጅ ጠብቅልኝ ብዬዋለሁ። እዚህ ምን ይሠራል?

ንጋቱ፦ የግራውን አከርካሪ ምስጥ ጨርሶት ነበር። በጣት ስትነኪው እንደ በሶ ይበናል። የውጭውን እንጨት ብጠይቅ ዋጋው አልቀመስ አለ፤ የገበያው ሁሉ እርጥብና ጠማማ ነው። ከዚያ የደብራችን አሮጌ ቤት ፈረሰ። ግቢው ውስጥ ክምሩን አየሁት። መቶ ዓመት ጣሪያ ላይ የደረቀ ዝግባ፣ አንድ ጉጥ የሌለበት፣ እንደ ክር የቀና። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ንጉሥም አያገኝ።

ትርንጎ፦ የቤተ ክርስቲያን እንጨት እኮ ከግቢ አይወጣም። ማገዶ አይሆን፣ ወንበር አይሆን። ለቤተ እግዚአብሔር ካልሆነ እዚያው ይበሰብሳል እንጂ ሰው ቤት አይገባም። ይህን የማያውቅ ማን አለ? ቄሰ ገበዙ እንዴት ሰጡህ?

ንጋቱ፦ ለደጀ ሰላሙ በር ላሠራበት ነው አልኳቸው።

ትርንጎ፦ ዋሸሃቸው።

ንጋቱ፦ በሩንም አሠርቻለሁ። በሌላ እንጨት።

ትርንጎ፦ ይቅር ይበልህ። ይህን ለንስሐ አባትህ ትነግራለህ፤ እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅህ። የቀኙን ክንፍ ስትሠራ ግቢዬን በአሸዋ ጆንያ ሞልተኸው ነበር። ከእያንዳንዱ ሳንቃ ቁራጭ እየወሰድክ፣ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመህ፣ ጆንያ እየደረደርክ፣ እስኪሰበር ትጠብቅ ነበር። ሲሰበር ያላየሁትን እንጨት አላምንም ትለኝ ነበር። ጆንያ አቀብዬሃለሁ። ይህኛውን ስትፈትን ግን አላስታውስም።

ንጋቱ፦ መቶ ዓመት ጣሪያ ተሸክሟል። ከዚህ የበለጠ ፈተና ምን አለ?

ትርንጎ፦ አልሸሹም ዞር አሉ። ፈተንከው ወይስ አልፈተንከውም?

ንጋቱ፦ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ድሮ የ...

ትርንጎ፦ ንጋቱ።

ንጋቱ፦ አልፈተንኩትም።

ትርንጎ፦ ለምን?

ንጋቱ፦ መጋዝ አነሳሁ። ከላይ ልቁረጥ ስል የክንፉ ጫፍ ነው። ከታች ልቁረጥ ስል አንገቱ ነው። ቁራጩ ይቅር፣ እንዳለ ልጫነው ብዬ ድንጋዩ ላይ አጋደምኩት። አንድ ጆንያ አሸዋ ታቅፌ ከላዩ ቆምኩ። ቀና ብሎ ያየኛል። እንዴት ብዬ? መልአክ ፊት ላይ አሸዋ ይጫናል? ልላገውና ቀለሙ ይጥፋ ብዬም ሞከርኩ፤ መላጊያው ገና ቅንድቡን ሲነካው አነሳሁት። ጆንያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ደግሞስ ብዬ አሰብኩ፣ ታቦት ያደረበት እንጨት ነው፤ ዕጣን የጠጣ፣ ቅዳሴ የሰማ እንጨት ነው። የቀኙን ክንፍ ሳንቃ ካመንኩ ይህን እንዴት አላምን? ይህ ልጄን አይጥልም አልኩ። ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሬ ጨርቅ አለበስኩት።

ትርንጎ፦ መልአኩን መፈተን ፈራህ፤ ልጅህን ግን ላዩ ላይ ሰቀልክበት።

ንጋቱ፦ ስለማምነው ነው ያልኩሽ።

ትርንጎ፦ እግዚአብሔርን እመን። ዝግባን ፈትን።

ንጋቱ፦ በቃ ተናገርሽ፤ አሁን ምቺው። ምን ትጠብቂያለሽ? ይኸው መፍቻውን ጣልኩት። መንገዱ ክፍት ነው። ጨርቁን ብቻ ነው የቀደድሽው፤ ጨርቅ በመርፌ ይሰፋል፣ ቀለሙ በዚህ ፀሐይ እስከ ስምንት ሰዓት ይደርቃል። ማስቀረት ከፈለግሽ አከርካሪውን መስበር አለብሽ። ምቺው።

ትርንጎ፦ እመታዋለሁ።

ንጋቱ፦ እያየሁሽ ነው።

ትርንጎ፦ ፊቱን ወደዚያ ቢያዞርልኝ...

ንጋቱ፦ አያዞርም። እኔም ለምኜዋለሁ።

ትርንጎ፦ አልችልም። ልጄን ጠብቅልኝ ያልኩትን ፊት በመጥረቢያ... እጄ አልነሳ አለኝ። ምን ዓይነት መዓት ውስጥ ነው የከተትከኝ?

ንጋቱ፦ አየሽ? አንቺም እኔን ሆንሽ። ነይ እንግዲህ፣ ከንፈርሽን እጠቢ። በጥፊ ስለመታሁሽ ዕድሜ ልኬን ስለምንሽ እኖራለሁ። አሁን ግን የሚሰፋበትን ትልቁን መርፌ ከዚያ ሳጥን አቀብዪኝ። ናሆም መጥቶ ይህን ካየ ልቡ ይሰበራል።

ትርንጎ፦ የናሆም ልብ።

ንጋቱ፦ አዎ የናሆም ልብ። ይህን ቀን እንደኔው ነው የጠበቀው።

ትርንጎ፦ በእመቤታችን አስምሎኛል። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ በአፌ መናገር አቅቶኝ በመጥረቢያ የመጣሁት። ክንፉ ብቻ ቢሰበር፣ መሐላዬም አይፈርስ፣ ልጄም አይሞት ብዬ ነበር። እሷ እናት ናት፤ ይቅር ትለኛለች።

ንጋቱ፦ ምንድን ነው የምትዪው?

ትርንጎ፦ ናሆም ትናንት ሰምቶታል።

ንጋቱ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ገልብጦ ሲያቀናት፣ ከግራ ክንፍ ውስጥ፣ የደረቀ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰብሩት እንደሚጮኸው ጮኸ አለኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ እስኪያርፍ ድረስ መሪዋ ወደ ግራ ይስበው ነበር። እራቱን ያልበላው ለዚህ ነው።

ንጋቱ፦ ለምን ለኔ አልነገረኝም? እኔ አባቱ አይደለሁም? የሠራሁት እኔ አይደለሁም?

ትርንጎ፦ ነግሬው ሲያዝን ከማይ ይዤያት ብነሳ ይሻለኛል አለ። አባዬ ከእንግዶቹ ጋር ሲስቅ አይተሽዋል፣ እማዬ? እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም አለ። ዛሬ አልገለብጣትም፣ ቀስ አድርጌ አንድ ጊዜ ዞሬባት አርፋለሁ፣ ለሱ ግን እንዳትነግሪው ብሎ አስማለኝ። አንተ መልአኩን ማሳዘን ፈራህ፣ ልጅህ አንተን ማሳዘን ፈራ። ዘራችሁ እንዲህ ነው የሚሞተው።

ንጋቱ፦ ቆይ፣ ከክንፉ ዞር በዪልኝ።

ትርንጎ፦ ምን ልታደርግ ነው?

ንጋቱ፦ እጄን ላስገባ። ጨርቁን ያዢልኝ... ግንባሩ ደህና ነው። አፍንጫው ደህና ነው። አገጩ ሥር... እዚህ የድሮ ምስማር ቀዳዳ አለ። አውቀው ነበር፤ በሙጫ ደፍኜዋለሁ።

ትርንጎ፦ ምን አገኘህ?

ንጋቱ፦ ጥፍሬ ገባ።

ትርንጎ፦ ምን ማለት ነው?

ንጋቱ፦ ስንጥቁ ከቀዳዳው ተነስቶ ዙሪያውን ሄዷል። ጥፍሬ እስከ ሥጋው ገባ። አንድ ጊዜ ዞሬባት አርፋለሁ ነው ያለው? ዞሮ አያርፍም ነበር። መሬቱን ሲለቅ ክብደቷ ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። ከድንኳኑ በላይ ሲደርስ... ሕዝቡ ሲያጨበጭብ... በባልዲ ነበር የማመጣልሽ፣ ትርንጎ። እኔ ነበርኩ ባልዲውን የማመጣልሽ።

ትርንጎ፦ በቃ፣ አልሆነም። አልሆነም እኮ። ነይ ተቀመጥ... ና ተቀመጥ፣ አፌም ተሳሰረ። ሄጄ ለትርኢቱ አዘጋጆች ቦራ ታማለች እላቸዋለሁ። ክንፉን በኋላ በሰላም ትፈታዋለህ፤ መልአኩንም አክብረን ለደብሩ እንመልሳለን።

ንጋቱ፦ በኋላ የሚባል ነገር የለም። እኔን ታውቂኛለሽ። ይህ ክንፍ ቆሞ ካየሁት ከሰዓት በኋላ ሙዚቃው ሲጀምር መርፌ ይዤ ነው የምገኘው። ስንጥቋ ትንሽ ናት እላለሁ። ብረት አስሬላት ትችላለች እላለሁ። ናሆምም እሺ አባዬ ይላል። መጥረቢያውን ወዲህ በዪው።

ትርንጎ፦ እጅህ እየደማ ነው።

ንጋቱ፦ ይድማ። ነጠላሽን አውልቂና የመልአኩን ፊት ሸፍኚልኝ።